ጌጁ ሙሉ እያሳየ ፍሬኑ ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ነኝ። የአየር ጌጁ ዘወትር ከ100 እስከ 120 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ያሳያል፤ ሆኖም ጭኜ ረዥም ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ ዘግይቶ ይይዛል። መካኒኩ አየር የሚያፈስ ቦታ አላገኘም። የፍሬን ብልሽት በሒሳብ ሞዴል ይለያል ሲባል ሰምቻለሁና እንዴት እንደሆነ ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ጌጁ የሚነግርዎት በጋኑ ውስጥ ስላለው አየር እንጂ አየሩ ቻምበሩ (በየጎማው ያለው፣ በአየር ግፊት ፍሬኑን የሚያሠራው ክፍል) ዘንድ ደርሶ ስለሚሠራው ሥራ አይደለም። ፔዳሉን ሲረግጡ አየሩ ገብቶ ዲያፍራሙን (በቻምበሩ ውስጥ ያለውን ተለጣጭ ሽፋን) ይገፋል፤ 30 ስኩዌር ኢንች ስፋት ያለው ቻምበር በ100 ፒኤስአይ ለገፊው ዘንግ 3,000 ፓውንድ ያህል ኃይል ይሰጣል። ነገር ግን የፍሬኑ ሸራ ሲያልቅ ወይም ስላክ አጀስተሩ (ሸራው ባለቀ ቁጥር የሚፈጠረውን ክፍተት የሚያጠብበው ክንድ) በአግባቡ ሳያጠብቅ ሲቀር፣ ዘንጉ ረዥም መንገድ ስለሚሄድ ወደ ጉዞው መጨረሻ ሲቃረብ ኃይሉ በፍጥነት ይወድቃል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ታምቡሩ (ሸራው ተጭኖ የሚይዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) በሙቀት ስለሚሰፋ ጉዞው ይብስ ይረዝማል፤ ጋራዥ ውስጥ ቀዝቅዞ ደህና የመሰለው ፍሬን መንገድ ላይ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞዴሉ ከፔዳሉ ቫልቭ የሚወጣውን ግፊት ተቀብሎ፣ ጤነኛ ቻምበር ውስጥ ግፊቱ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት እንዴት ማደግ እንደሚገባው ያሰላል፤ ስሌቱም በሴንሰር ከተለካው ጋር ይነጻጸራል። አየር የሚያፈስ ከሆነ ግፊቱ ቀስ ብሎ ከማደጉም በላይ የሚረጋበት መጠን ዝቅ ይላል። የዘንጉ ጉዞ ረዝሞ ከሆነ ግን የሚሞላው ቦታ ስለሰፋ ግፊቱ ይዘገያል እንጂ በመጨረሻ ሙሉ መጠኑ ላይ ይደርሳል። ዘዴውን የማከብረው ብልሽት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ስለሚጠቁም ነው።

በእርስዎ መኪና እኔ የምጠረጥረው የዘንጉን ጉዞ ነው። በደልዳላ ቦታ ጎማዎቹን በታኮ አስይዘው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ግፊቱ ከ90 እስከ 100 ፒኤስአይ ባለበት የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት ቦታ በጠመኔ ያስምሩ፤ ረዳትዎ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሲይዝ ምልክቱ ምን ያህል እንደራቀ ይለኩ። ለመደበኛው ባለ 30 ቻምበር ወሰኑ 2 ኢንች ነው። ከዚያ ካለፈና አጀስተሩ ራሱን የሚያጠብቅ ዓይነት ከሆነ፣ በቁልፍ ብቻ አጥብቀው አይሂዱ፤ ለምን ራሱን ማጥበቅ እንዳቃተው ሳይታወቅ ቢጠብቅ ተመልሶ ይላላል።