ግፊቴ ከድሮም ዝቅ ያለ ነው፤ በወገብ መርፌ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ያሰጋኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ43 ዓመት ሴት ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጉልበቴን ኦፕራሲዮን እሆናለሁ፤ ወገቤ ላይ በሚሰጥ መርፌ ከታች ብቻ ደንዝዤ እንደምሠራ ተነግሮኛል። የደም ግፊቴ ግን ሁልጊዜ 95 በ60 አካባቢ ነው። እህቴ በዚሁ መርፌ በኦፕራሲዮን ስትወልድ ግፊቷ ወርዶ አጥወልውሏት ነበር። ሙሉ ለሙሉ ብተኛ አይሻለኝም?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። መተኛቱ ከግፊት መውረድ አያስመልጥም፤ የሙሉ ሰመመን መድኃኒቶችም ግፊት ያወርዳሉ። ያኔ እርስዎ አይሰማዎትም እንጂ።

በወገብ የሚሰጠው መድኃኒት የሕመም ነርቮችን ብቻ መርጦ አያደነዝዝም። የደም ሥሮችን ወጠር አድርገው የሚይዙትን ነርቮችም አብሮ ያስተኛቸዋል። ሥሮቹ ሲላሉ ደም እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። መድኃኒቱ ወደ ደረት ከፍ ካለ ደግሞ የልብ ምትም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ግፊት ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ አንድ ሰው አጥፍቷል ማለት አይደለም። የሚያሰጋው ብዙ ወርዶ ሳይታረም ሲቆይ ነው።

95 በ60 ይዘው ሳይዞርብዎት ውለው የሚገቡ ከሆነ ያ የእርስዎ ጤናማ ልክ ነው። የሰመመን ባለሙያው የሚያየው ከዚያ ልክ ምን ያህል እንደወረደ ነው። ከ95 ላይ 20 በመቶ ብቻ ቢወርድ እንኳ 76 ስለሚሆን፣ ለእርስዎ ሳይጠብቅ ቶሎ ማረም ይኖርበታል። የተለመደ ቁጥርዎን አስቀድመው ይንገሩት።

የእህትዎ ነገር ይለያል። ነፍሰ ጡር በጀርባዋ ስትተኛ ማህፀኗ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፤ ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርጓት ለዚህ ነው። ለጉልበት የሚተኛ ሰው ይህ ጫና የለበትም።

ግፊቱ በብዛት የሚወርደው መርፌው ከተሰጠ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 15 እና 20 ደቂቃዎች ነው። በዚያን ጊዜ ክንድዎ ላይ የታሰረው መለኪያ በየአንድ ሁለት ደቂቃው ጭምቅ ሲያደርግዎት አይደንግጡ። ከወረደ በደም ሥርዎ የሚገባው ፈሳሽ ይፈጥናል፤ ግፊት የሚያነሣ መድኃኒት (ኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን) በደም ሥር ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል። ጭንዎ ላይ ደም ማቆሚያ ከታሰረ፣ ሲፈታም ግፊቱ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል።

አንድ ነገር አደራ ልበልዎ። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ቁጥሩን ሳያወጣ ማቅለሽለሹ ይቀድማል። ማዛጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ዓይን ጭልም ማለትም አለ። በይሉኝታ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም የሚሉ ታካሚዎች አሉ፤ ሥራ የሚያስፈቱ እየመሰላቸው። «አቅለሸለሸኝ» ማለት እኮ ለባለሙያው ትልቅ እርዳታ ነው።

ከመርፌው በፊት የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይናገሩ። ለኩላሊት ወይም ለልብ ተብሎ ግፊትም የሚያወርድ እንደ ኤናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያለ መድኃኒት የታዘዘልዎት ከሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው 24 ሰዓት በፊት እንዲቆም ሊደረግ ይችላል፤ በራስዎ ግን አያቁሙ። የልብ በር (ቫልቭ) ጥበት እንዳለብዎት ተነግሮዎት ከሆነ ወይም ሰሞኑን ተቅማጥና ትውከት ከነበረብዎት ይህን ከሁሉ አስቀድመው ይንገሩ፤ ምርጫው ሊቀየር ይችላል። መርፌ ሲያዩ ራስዎን የሚስቱ ከሆነም አይፈሩ፣ ይናገሩ። ንጹሕ ውኃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለቀዶ ሕክምናው ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ጠይቀው ይጠጡ፤ ከምሽት ጀምሮ ተጠምቶ መግባት ለግፊት አይበጅም።

ወደ አልጋዎ ከተመለሱ በኋላ እግርዎ ተንቀሳቀሰልኝ ብለው ብቻዎን እንዳይነሱ። ነርሷ ትምጣ፤ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ እግርዎን አንጠልጥለው ትንሽ ይቀመጡ፤ ካልዞረብዎት እሷን ይዘው ይቁሙ።