እየሠራ ለካው

ልጆቼ፣

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ መጽሐፏን አሳየችኝ። ምዕራፍ 5 ኤሌክትሮኒክስ ነው። ዳዮዱ፣ ትራንዚስተሩ፣ ሎጂክ ጌቱ፣ ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ነገር ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። «እንዴት ነው የምታጠኚው?» ስላት «ትሩዝ ቴብሉን ሸምድጄዋለሁ» አለችኝ፤ ሎጂክ ጌቱ ምን ሲገባለት ምን እንደሚያወጣ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ማለቷ ነው። ለፈተና ይበቃ ይሆናል። እኔንም ግን መሸምደድ ምን እንዳደረገኝ ላውራችሁ።

ማትሪክ ወስጄ ውጤት ስጠብቅ ሰፈራችን ካለ ሬዲዮ ጥገና ቤት ገባሁ። መጀመሪያ የተሰጠኝ አራት ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ ነበር። ሲከፈት ትንሽ ያንሾካሹክና ጭጭ ይላል። ባትሪውን ከማቀፊያው ሽቦዎች ላይ በቴስተር ለካሁት፤ ሙሉ 6 ቮልት። በቃ፣ ትራንዚስተሩ ነው አልኩ። ነቅዬ ቀየርኩ። ያው ጭጭ። ሌላውንም ቀየርኩ። ሁለት ቀን እንዲሁ አለቀ፤ የቀየርኩት ዕቃ ሒሳብ ከሬዲዮው ዋጋ ሊበልጥ ምንም አልቀረውም።

የቤቱ ባለቤት ሲያዩኝ ቆይተው «አንተ ልጅ፣ ጠፍቶ አይደለም፣ እየሠራ ለካው» አሉኝ። ሬዲዮውን ከፍቼ ስለካው 6 የነበረው ከ3 በታች ወረደ። የባትሪው ማቀፊያ ስፕሪንግ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግ አደረጉት። ሬዲዮው ለቀቀው!

ዝገቱ ሬዚስታንስ ነው፤ ከረንቱን ያስቸግራል። ሬዲዮው ሲጠፋ ከረንት አይሄድም፤ ከረንት ከሌለ ደግሞ ዝገቱ ላይ የሚቀር ቮልቴጅ የለም። ሲበራ ግን ዝገቱ ድርሻውን ይቆርጣል። የኦም ሕግ ማለት ይቺው ናት፤ ቮልቴጅ ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ ነው። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሠርቻታለሁ፤ ስፕሪንግ ላይ ተቀምጣ ሳገኛት ግን አላወቅኳትም።

ስለዚህ ምዕራፉን በእጃችሁ አንብቡት። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ ዳዮድ)፣ ጥቂት ሬዚስተርና ርካሽ ቴስተር ይበቃል። ከማገናኘታችሁ በፊት አስሉ። ኤልኢዲው 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ 7 ይቀራል። 10 ሚሊአምፒር እንዲሄድ ከፈለጋችሁ 700 ኦም ያስፈልጋል። ገበያ ላይ የምታገኙት 680 ነው፤ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ቡናማ። ከዚያ አገናኙና ለኩ። ባሰላችሁትና በለካችሁት መካከል ያለችውን ትንሽ ልዩነት ዝም ብላችሁ አትለፏት። ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። በስልክ የሚሠሩ የሰርኪዩት መለማመጃዎችም አሉ፤ ጥሩ ናቸው። ችግራቸው ስፕሪንጋቸው አይዝግም።

ቻርጀርና ቴሌቪዥን ግን ለጊዜው አትክፈቱ። ከሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ጫፉ 311 እንደሚደርስ ተምራችኋል። በዳዮድ ተስተካክሎ ካፓሲተር ውስጥ የሚጠራቀመው ያ 311 ነው። ካፓሲተሩ ላይ 400 ቮልት ተብሎ የሚጻፈው ለጌጥ አይደለም። እኔ ገመዱን ነቅያለሁ ብዬ ተማምኜ አንድ ቴሌቪዥን ውስጥ እጄን ሰደድኩ። ካፓሲተሩ ግን ገና አልተራገፈም ነበር። ክርኔ ድረስ ነዘረኝ፤ ካቻቪቴው ግድግዳው ጋ ተገኘ።

ሌላው ቋንቋው ነው። የምትማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ፎርዋርድ ባያስ» ማለት የገባችሁ ይመስላችኋል። እስቲ ለእናታችሁ በአማርኛ አስረዷቸው። ዳዮድ በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው፤ በሩን ለመግፋት ደግሞ ሲሊከን ከሆነ 0.7 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። እንዲህ ማለት ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም። አትፈሩ፣ እኔም በስንት ዓመቴ ነው የገባኝ።

ትናንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሁሉንም እንዳልኳት አገናኝታለች፤ መብራቷ ግን እምቢ ብሏል።

«ለካሽው?»

«ሬዚስተሩ ላይ ዜሮ፣ ኤልኢዲው ላይ ዘጠኝ።»

ዝም አልኳት።

«ሬዚስተሩ ላይ ዜሮ ከሆነ ከረንት የለም ማለት ነው» አለች ለራሷ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ውይ ጋሼ፣ ገልብጬው ነው!»