በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ አይበቃም

ወንድሜ፣ «የነባር ሕዝቦች ትምህርት ቤቶች የእውነት ቋንቋ ያድናሉ ወይስ ለታይታ ነው?» ላልከው፣ እንደ አሠራሩ ይለያያል። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቀለምና ቁጥር ማስቆጠር ብዙም አያራምድም። ልጁ መዝሙር ሸምድዶ ይወጣል፤ ውሃ ሲጠማው ግን የሚጠይቀው በሌላው ቋንቋ ነው።

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑትን ማኦሪዎች ተመልከት። በ1982 እ.ኤ.አ. «ኮሃንጋ ሬኦ» የሚባሉ መዋዕለ ሕፃናት ጀመሩ። ግቢው ውስጥ የሚነገረው ማኦሪ ብቻ ነው። ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚችሉት አያቶች ስለነበሩ እነሱው ገቡበት። ልጁ እጁን ሲታጠብ፣ ሲበላ፣ አኩርፎ ሲያባብሉት ሁሉ በማኦሪ ነው። ወላጆችም አስተዳደሩ ውስጥ አሉበት፤ ቋንቋውን የማይችሉት አብረው ይማራሉ። ልጆቹ ሲያድጉስ? በ1985 በማኦሪ የሚያስተምር አንደኛ ደረጃ ተከፈተ። በእኔ እይታ ወሳኙ ይሄ ነው። ቀጣይ ክፍል ከሌለ የመዋዕለ ሕፃናቱ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

የአሜሪካ ግዛት የሆነችው የሃዋይ ነባር ሕዝቦችም ከማኦሪዎች ልምድ ወስደው በ1984 «ፑናና ሌኦ» የሚባል ተመሳሳይ መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። ያኔ የ1896ቱ በእንግሊዝኛ ብቻ አስተምሩ የሚለው ሕግ ገና አልተነሳም ነበር! በ1986 ነው የተስተካከለው። ወላጆቹ መንግሥትን ቢጠብቁ ኖሮ ስንት ልጅ ባመለጣቸው።

ባህሉን ለብቻው ማስተማር አያስፈልግም፤ ተክሉን ሲተክሉ፣ እንግዳ ሲቀበሉ በቋንቋው ከሆነ አብሮ ይመጣል። ለመጀመር ካሰብክ መጽሐፍ ከማሳተምህ በፊት ተናጋሪ አዛውንቶችን ፈልግ።