ከአፍንጫ የሚንጠባጠበው ውኃ ጉንፋን ባይሆንስ?

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ወንድሜ ከአንድ ዓመት በፊት ከባጃጅ ወድቆ ግንባሩን ተመትቶ ነበር። ቁስሉ ድኖ ወደ ሥራው ቢመለስም፣ ጣና ዳር መረብ ለመጎተት ባጎነበሰ ቁጥር ከቀኝ አፍንጫው ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ሳይነስ ነው ተብሎ ለወራት ክኒን ሲውጥ ቆየ። አሁን የአንገት በላይ ሐኪም መርምረውት የአንጎል ፈሳሽ መሆኑን፣ በአፍንጫ በኩልም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነገሩት። እናታችን ግን «አንጎሉን ሊነኩብኝ ነው» ብላ እያለቀሰች ከለከለች። በእርግጥ በአፍንጫ ይሠራል? ቢቆይስ?
እህቱ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእናትዎ ሥጋት የእናት ነውና ሊናቅ አይገባውም፤ ነገር ግን ለወንድምዎ ይበልጥ የሚያሰጋው ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ቀዳዳው ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። የአፍንጫ ጣሪያና የአንጎል ወለል አንድ አጥንት ሲሆን፣ የማሽተት ነርቮች የሚያልፉበት ክፍል እንደ ወንፊት የተበሳሳና እጅግ ስስ በመሆኑ ከባድ ምት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ አንጎልን የሸፈነው ልባስም አብሮ ይቀደድና አንጎልን የከበበው ንጹሕ ፈሳሽ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ሰውነታችን በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል የአንጎል ፈሳሽ ስለሚያመነጭ የፈሰሰው ይተካል። የሚያስፈራው ግን ፈሳሹ በወረደበት መንገድ በአፍንጫ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች ወደ ላይ ወጥተው ማጅራት ገትር ማስከተላቸው ነው።

በአንድ በኩል ብቻ የሚወርድ፣ ሲያጎነብሱ የሚጨምር፣ ጉሮሮ ላይ ጨው ጨው የሚል ንጹሕ ውኃ የተለመደው ምልክት ነው። ንፍጥ መሐረብ ላይ ሲደርቅ ጨርቁን ጠንካራ ያደርገዋል፤ ይህ ግን እንደ ውኃ ደርቆ መሐረቡን ለስላሳ እንደሆነ ይተወዋል። ማረጋገጫው ግን መሐረብ ሳይሆን ቤታ-2 ትራንስፈሪን የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራና የአጥንቱን ስንጥቅ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

በ1926 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ዳንዲ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የደፈኑት የራስ ቅል ከፍተው ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ ካሜራ የተገጠመለት ኢንዶስኮፕ በአፍንጫ ቀዳዳ እየገባ ሥራው በስክሪን እየታየ ይከናወናል። ጎሚስታ ጎማ ሲለጥፍ በቅድሚያ ዙሪያውን እንደሚፍቅ ሁሉ፣ ሐኪሙም በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ስስ ሽፋን አንሥቶ አጥንቱን ያጋልጣል፤ ከዚያም ከጭን ወይም ከአፍንጫው ከራሱ በተወሰደ ሽፋን ይደፍነዋል። ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ የደም ሥሩ ሳይቆረጥ የተገለበጠ ሽፋን ይደረብበታል፤ ይህም በ2006 እ.ኤ.አ. የአርጀንቲና ሐኪሞች ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ስለዚህ ለእናትዎ ይንገሩልኝ፦ የራስ ቅሉ አይከፈትም፣ አንጎሉም አይቆረጥም። መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ የማሽተት መቀነስ ወይም ፈሳሹ ዳግመኛ መውረድ ሊያጋጥም ይችላል፤ ሆኖም ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ይደፈናሉ።

አደጋው እንደደረሰ የሚወርድ ፈሳሽ በዕረፍት ብቻ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ብዙ ጊዜ ይቆማል። ዓመት የዘለቀውን ግን እንዲሁ መጠበቅ አይገባም፤ ክኒንም ቀዳዳ አይደፍንም። ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም መቀባዠር ከታየበት ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ አይናፈጥ፤ ሲያስነጥሰው አፉን ይክፈት፤ ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛ፤ ሆድ ድርቀት እንዳያስምጠው ይጠንቀቅ፤ መረብ መጎተትና ሐይቅ ውስጥ መዋኘትም ይቅርበት። ለቀጠሮው እናትዎን ይዘው ይሂዱና ሐኪሙ ስንጥቁን በሲቲ ስካኑ ምስል ላይ በጣታቸው እንዲያሳዩአቸው ይጠይቁ።