ዝንጀሮ፣ ፍልፈል፣ እፉኝት፦ መርዝ ከማስቀመጥሽ በፊት ሌባውን ለዪው

ከቦንጋ አካባቢ አንዲት እናት የላከችልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ወንድሜ ጤና ይስጥልኝ። ጓሮዬ ጫካው ጠርዝ ላይ ነው፣ እንሰት፣ ቡና፣ ጎደሬ፣ ትንሽ ሙዝ፣ ከታች በኩል ደግሞ በቆሎ አለኝ። በቆሎውን ዝንጀሮ ጨረሰው፣ እኔ ስጮህበት ዞር ብሎ እንኳን አያየኝም፣ ሴት አይፈራም። እንሰቱ ደግሞ አንድ በአንድ እየጠወለገ ይወድቃል። ባለፈው ሳምንት የ11 ዓመት ልጄ ደረቅ ኮባ ሲሰበስብ እባብ ሊነድፈው ለጥቂት ነው የተረፈው። ጎረቤቴ በቆሎ ላይ መርዝ ቀብተሽ አስቀምጪ ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ልጅሽን አተረፈልሽ። መርዙን ግን በፍጹም እንዳታደርጊው፣ ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት ይሄን ላስቀድም። በመርዝ የተቀባ በቆሎ ዝንጀሮ መርጦ አይገድልም፣ ዶሮሽም ይለቅመዋል፣ ውሻሽም ያገኘዋል፣ የሞተውን ደግሞ ጅብና ጥንብ አንሳ በልተውት እነሱም ይሞታሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ምንጩ ይወርዳል፣ የእናንተ አገር ዝናብ ደግሞ መች ይጠፋል። አንድ ገበሬ ቤት ለጃርት ተብሎ የተቀመጠ ስኳር ድንች የቤቱ ውሻ በልቶት አፉ አረፋ ደፍቆ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ደጃፍ ላይ ሲሞት ቆሜ አይቻለሁ። ልጆቹ ውሃ ሊያጠጡት ሲሮጡ እጃቸውን ይዘን ነው ያስቀረናቸው፣ ምክንያቱም በአረፋውና በትፋቱ ውስጥ ያለው ለእነሱም ይተርፋል። ያ ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። በሕግም ቢሆን የዱር እንስሳ ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ፣ እንዲሁ ተነስቶ የዱር እንስሳ መግደል ያስጠይቃል፣ እናንተ ደግሞ ያላችሁት ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ክልል (ደኑ ከነሕይወቱ የሚጠበቅበት ቦታ) ዙሪያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንቺ ጥፋቱን በሙሉ ለዝንጀሮ ሰጥተሽዋል፣ እኔ ግን ጓሮሽ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓይነት ሌባ አለ ብዬ ነው የምጠረጥረው። እያንዳንዱ ደግሞ የራሱ ሰዓትና የራሱ አበላል አለው፣ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው ምንም አያደርግም። ዝንጀሮ ቀን ነው የሚመጣው፣ ሌሊት አይመጣም፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ከማደሪያው ወርዶ ጠዋት አንዴ፣ ማምሻውን አንዴ ይሞክራል። እሸቱን ሸልቅቆ ግማሹን በልቶ ይጥላል፣ የቀረውን ታቅፎ ወደ ጫካ ይሮጣል። ጠዋት ተነስተሽ በቆሎው አገዳው ተረግጦ ተኝቶ መሬቱ በአፍንጫ የታረሰ መስሎ ካገኘሽው ግን እሱ ሌሊት የመጣ የዱር አሳማ ነው እንጂ ዝንጀሮ አይደለም (ከርከሮ የሚሉትም አሉ፣ ከርከሮ ግን ሌሊቱን ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚያድረው)። ጎደሬው ተቆፍሮ በጥርስ የተፋቀ ምልክት ካለበትና እሾህ ወድቆ ካገኘሽ ጃርት ነው። ጃርት እሾህ ይወረውራል የሚባለው ውሸት ነው፣ አይወረውርም፣ ግን ጥግ ካስያዝሽው ወደ ኋላ እየሄደ ይወጋል፣ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እንደዚያ ነው።

ሴት አይፈራም ያልሽውን ብዙ ገበሬዎች ይነግሩኛል እኔም አምንሻለሁ። ዝንጀሮ ሰው ያጠናል፣ ማን እንደሚወረውርና ማን እንደሚጮህ ብቻ ለይቶ ያውቃል፣ ስለዚህ ጩኸት ብቻውን ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚሠራው። ወንጭፍ ተለማመጂ፣ ጅራፍ ማጮህም በጣም ይረዳል፣ ዋናው ግን ገና ከጫካው ጠርዝ ሳይወጣ ማየትሽ ነው፣ አንዴ በቆሎው ውስጥ ከገባ ተሸንፈሻል በቃ። ለዚያ ነው አባቶቻችን ማማ የሚሠሩት። ብቻሽን ደግሞ አትችይውም፣ ከጫካው የሚዋሰኑ ሦስት አራት ጎረቤቶች በተራ ጠብቁ፣ እሸቱ ከያዘበት ጀምሮ እስኪደርቅ ድረስ ያሉትን ሳምንታት ብቻ እንኳን በተራ ብታደርጉት ልጆቹ ከትምህርት ቤት አይቀሩም። ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ በእናንተ አካባቢ ስንት ልጅ በዝንጀሮ ምክንያት ክፍል ደግሟል። ውሻ ካለሽ ጥሩ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ግን አስወጊው። ዝንጀሮ ወይም ውሻ ሰው ከነከሰ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበሽ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፣ ነገ አይባልም።

ለሚቀጥለው ዓመት ግን የአዘራሩን ቦታ ቀይሪው። በቆሎ ጫካው ሥር መዝራት ለዝንጀሮ ገበታ ማቅረብ ነው። በቆሎውን ወደ ቤት አስጠጊው፣ ጠርዙ ላይ ቡናውን ወይም እነሱ ብዙም የማይወዱትን እንደ እርድ ያለ ነገር አድርጊ። ዝንጅብልም ይሆናል ግን ዘሩን ከየትም አምጥተሽ እንዳትተክይ፣ በ2004 ዓ.ም አካባቢ በባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ምክንያት ስንቱ የዝንጅብል ገበሬ ባዶ እጁን እንደቀረ አይተናል። በጫካውና በማሳው መካከል ደግሞ ቢያንስ 10 ሜትር ያህል ቁጥቋጦውን መንጥረሽ ግልጽ አድርጊው፣ ተደብቆ የሚጠጋበት ሲያጣ ልቡ ይፈራል። ለአሳማው አጥር ካሰብሽ ከሥር በኩል ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት፣ ከላይ መርዘሙ ምንም አይጠቅምም፣ በአፍንጫው ገፍቶ ከሥር ነው የሚገባው።

ጉሬዛውን ግን ተይው እባክሽ። ዛፍ ላይ ተቀምጦ ስታይው ሌባ ይመስልሻል እንጂ በአብዛኛው ቅጠል በሊ ነው። ጥርኝም የበሰለ ቡና ቢበላ ፍሬውን በየጫካው የሚዘራው እሱ ነው።

እንሰቱ ነው በጣም ያሳሰበኝ። «እየጠወለገ ይወድቃል» ስትዪ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱ ደግሞ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። አንደኛው ፍልፈል ነው፣ ከመሬት በታች ሥሩንና አምቾውን (ከሥር ያለውን ወፍራሙን ክፍል) ሲበላው ተክሉ ያዘነብላል፣ ነቅነቅ ስታደርጊው መያዣ የለውም፣ ዙሪያውን አዲስ የተገፋ የአፈር ክምር ታያለሽ። ሁለተኛው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። ይሄ በአገራችን በሳይንስ ከተገለጸ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እስካሁን ተረጭቶ የሚያድን መድኃኒት የለውም። መለያው ቀላል ነው፣ የጠወለገውን ቅጠል እግሩ ላይ በቢላ ቁረጪውና ትንሽ ጠብቂ፣ ከተቆረጠው ቦታ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቢጫ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለ ከወጣ በሽታው ነው። ካልወጣና ከሥሩ ተበልቶ ካገኘሽው ፍልፈል ነው።

ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ግን አለ። በሽታው የሚገባው በቁስል ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚያዛምተው ደግሞ የእኛው ቢላና ገጀራ ነው፣ ጃርት፣ ፍልፈልና አሳማም ተክሉን እያቆሰሉ በር ይከፍቱለታል። ስለዚህ የታመመውን ከቆረጥሽበት ቢላ ጋር ወደ ጤነኛው እንዳትሄጂ፣ በእሳት ለብልቢው ወይም በበረኪና እጠቢው፣ ይሄን በየተክሉ መካከል እንጂ በቀን አንዴ አይደለም። የታመመውን ከነሥሩ ነቅለሽ ከማሳው ራቅ አድርገሽ ቅበሪው፣ ለከብት አትስጪ፣ እየጎተትሽም በጤነኛው መካከል አትለፊ። ከጎረቤትም ችግኝ ስትቀበዪ እናት ተክሏን እይ።

ፍልፈል ከሆነ ደግሞ ወጥመድ በቂ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈትበት አይወድም፣ ሊደፍነው ይመጣል፣ ስለዚህ አዲስ አፈር ያለበትን ቀዳዳ ከፍተሽ በታጠፈ እንጨት የሚወጠረውን የገመድ ቀለበት እዚያው አፉ ላይ ማድረግ ነው፣ አካባቢሽ ያሉ ሽማግሌዎች ከእኔ የተሻለ ያውቁበታል። ብቻውን ነው የሚኖረው፣ አንዱን ከያዝሽ ያ ጉድጓድ አበቃለት ማለት ነው፣ ግን ሌላ እንዳይገባበት ደርምሺው።

አሁን የልጁ ነገር። ምን ዓይነት እባብ እንደሆነ አልነገርሽኝም፣ በደረቅ ኮባ ሥር ከሆነ ግን እኔ የምፈራው እፉኝትን ነው። እፉኝት ከሌላው እባብ የሚለየው ሰው ሲመጣ አይሸሽም፣ ድርቅ ብሎ ይተኛል። አንድ ጊዜ ከአንድ አባት ጋር ጓሮ ስንዞር ሳይጠጉ በዱላቸው የደረቀውን ቅጠል ገለጥ ሲያደርጉት እኔ ቅጠሉን ብቻ ነው ያየሁት፣ መልኩ ቡናማ፣ ላዩ ላይ ደብዘዝ ያለ ቢጫ መስመር፣ ልክ የበሰበሰ ኮባ፣ ከዚያ «ፉፉፉ» ብሎ ሲነፋ ነው እንስሳ መሆኑን ያወቅኩት። ከእግሬ እስከ እሱ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። እሳቸውም አልገደሉትም፣ ቀስ ብለን ወደ ኋላ ሄድን፣ እሱም ሄደ።

ስለዚህ ደረቅ ቅጠል፣ የእንጨት ክምር፣ የወደቀ ሙዝ ግንድ በእጅ አይነሳም፣ መጀመሪያ በረዥም ዱላ ነካ ነካ፣ ከዚያ መጎተት። የላስቲክ ቦት ይኑራችሁ፣ የሚነድፈው ብዙ ጊዜ እግርን ነው። የወደቀ ቡና ለቀማ ሲደርስ ልጆቹ ቅጠል ውስጥ እጃቸውን እንዳይከቱ ንገሪያቸው፣ ሲመሽ ያለ ባትሪ ጓሮ አይወጣም። የኮባውን ክምር ከቤቱ አርቂው፣ ክምር አይጥ ይጠራል፣ አይጥ እባብ ይጠራል።

ከነደፈ ደግሞ (አያድርገውና) አትብጪ፣ በአፍ አትምጠጪ፣ በገመድ ጠፍረሽ አትሰሪ፣ ቁስሉ ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ድንጋይም መርዙን አያወጣውም፣ ይሄ ሁሉ ጊዜ መግደያ ነው። አምባርና ቀለበት ካለ ከማበጡ በፊት አውልቂ፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንደ ስብራት በእንጨት ደግፈሽ እንዳይንቀሳቀስ አድርጊው፣ ልጁ በእግሩ አይሂድ፣ ተሸክማችሁት በቀጥታ ሆስፒታል። እባቡን ለማሳየት ብላችሁ ለመግደል አትሩጡ፣ ሁለተኛ ሰው የሚነደፈው እዚያ ላይ ነው፣ ራቅ ካለ ቦታ ፎቶ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም ይቅር።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። በቆሎው መግቢያ ላይና ጎደሬው አጠገብ የምድጃ አመድ ሳሳ አድርገሽ ነስንሺበት፣ ጠዋት ከብቶቹ ሳይረግጡት ዱካውን በስልክ ፎቶ አንሺው፣ አጠገቡ ክብሪት አስቀምጪበት መጠኑን እንዳውቀው። የጠወለገውንም እንሰት ቅጠሉን ቆርጠሽ ከ10 ደቂቃ በኋላ የተቆረጠውን ፊት አንሺና አንድ ላይ ላኪልኝ፣ ቢላውን ለብልበሽ።