ከአይቪኤፍ በኋላ ማርገዝ፦ ለጥያቄዎቻችሁ የአዋላጅ መልስ

አይቪኤፍ እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው፣ የሚፈጠረው ሽል ማህፀን ውስጥ የሚገባበት ህክምና ነው። ያነበብኳቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ፍርሃት አለባቸው። ይገባኛል፤ ብዙ የተለፋበት እርግዝና ነው። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ የማውቀውን ልመልስ። የየራሳችሁን ሁኔታ ግን የሚከታተላችሁ ሐኪም ይወስን።

ጥያቄ፦ ሽሉ ማህፀኔ ውስጥ በገባ በ5ኛው ቀን ቤት ውስጥ በሽንት ተመረመርኩ። ሁለት መስመር አየሁ። ልደሰት?

መልስ፦ እህቴ፣ ትንሽ ታገሺ። እንቁላል ከመወሰዱ በፊት የተወጋሽው ኤችሲጂ የተባለው የእርግዝና ሆርሞን ከሆነ፣ ምርመራው የሚፈልገውም ያንኑ ሆርሞን ነው። መርፌው ሰውነት ውስጥ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። እርግጡን የደም ምርመራው ይነግርሻል። ውጤትሽን ከሌላ ሴት ቁጥር ጋር አታወዳድሪ፤ የሚታየው ያንቺ ቁጥር በየሁለትና ሦስት ቀኑ እንዴት እንደሚጨምር ነው።

ጥያቄ፦ ሽሉ ከገባልኝ 3 ሳምንቴ ነው። ሐኪሙ ግን «የ5 ሳምንት ከ5 ቀን ነፍሰ ጡር ነሽ» አለኝ። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ልክ ነው። እርግዝና የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ ነው። የ5 ቀን ሽል (እንቁላሉና ዘሩ ከተገናኙ 5 ቀን የሆነው) የገባላት ሴት በዚያው ዕለት 2 ሳምንት ከ5 ቀን ሆኗታል። የመውለጃ ቀንሽን ለማወቅ ሽሉ በገባበት ቀን ላይ 261 ቀን ደምሪ። የ3 ቀን ሽል ከነበረ 263።

ጥያቄ፦ በ7ኛው ሳምንት ደም አየሁ። በብልት የሚገባ ፕሮጄስትሮን (እርግዝናን የሚደግፍ ሆርሞን) እየተጠቀምኩ ነው። እሱ ይሆን ያደማኝ? ላቁመው?

መልስ፦ በራስሽ እንዳታቆሚው! አንዳንዴ መድኃኒቱ ራሱ የማህፀን በርን ያስቆጣና ጠብ ጠብ የሚል ደም ይታያል። አንዳንዴም ከሽሉ ከረጢት አጠገብ ትንሽ ደም ይቋጠራል፤ ብዙ ጊዜ እያደር ይጠፋል። ፕሮጄስትሮኑ ግን እርግዝናውን የያዘው ነው። በተለይ በረዶ ቤት (ቀዝቅዞ) የቆየ ሽል በመድኃኒት በተዘጋጀ ማህፀን ከገባ፣ በዚያ ወር እንቁላል ስላልወጣ እንቁልጢሽ (እንቁላል የሚወጣበት የሰውነት ክፍል) ሆርሞኑን አያመነጭም። እንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ ያለሽ መድኃኒቱ ብቻ ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ያቆሙታል።

ትንሽም ቢሆን ደም ካየሽ ደውለሽ አሳውቂ። ሞዴስ ቶሎ ቶሎ የሚሞላ ከሆነ፣ አንድ ጎንሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ትከሻሽን ከወጋሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ሽሉ ማህፀን ውስጥ ቢቀመጥም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሊፈጠር ይችላል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከአልጋ እንዳትወርድ ከልክያታለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ከፍቅር ነው። ግን መተኛት ሽሉን አያጣብቀውም፣ መራመድም አያወርደውም። ዝም ብሎ መተኛት ይልቁንም እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ሐኪም ካልከለከላት ትንቀሳቀስ። አንተ የመድኃኒት ሰዓቷን ያዝላት።

ጥያቄ፦ ምራቴ በዚህ ህክምና አርግዛለች። የግድ በኦፕራሲዮን መውለድ አለባት? ልጁስ ጤነኛ ይሆናል?

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። በህክምና ስላረገዘች ብቻ ኦፕራሲዮን ግድ አይደለም። በዚህ መንገድ የተወለዱት አብዛኞቹ ልጆች ጤነኛ ናቸው። የመጀመሪያዋ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን፣ ኋላ ያለ ህክምና አርግዛ እናት ሆናለች።

ጥያቄ፦ ማቅለሽለሹ አሰቃየኝ። ለምኜ ያገኘሁት ስለሆነ ግን ማማረር ያሳፍረኛል።

መልስ፦ አማሪ፣ የኔ ውድ! ማቅለሽለሽ ምስጋና ቢስ አያደርግሽም። ስላፈርሽ ብለሽ ህመምሽን ከሐኪም ከደበቅሽ ነው የምትጎጂው። ውሃ እንኳ አልረጋ ካለሽ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረ ዛሬውኑ ታከሚ።

ጥያቄ፦ የመካንነት ክሊኒኩ ወደ መደበኛ የእርግዝና ክትትል ላከኝ። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ሽሉ የገባበትን ቀን፣ ትኩስ ወይም በረዶ ቤት የቆየ መሆኑን፣ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር። እንቁላሉ ሲወሰድ የነበረውን ዕድሜም ተናገሪ፤ እንቁላሉ ከሌላ ሴት ከሆነ የእሷን። ዳውን ሲንድሮም (ልጅ ይዞት የሚወለድ የዕድገት ችግር) የመኖር ስጋት የሚሰላው በዚያ ዕድሜ ነው። ደም ግፊትሽንም በየቀጠሮው አስለኪ። በዚህ ህክምና በመጣ እርግዝና ላይ የደም ግፊት ችግር ትንሽ ይበዛል፤ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ያስፈልግሽ እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ጠይቂያቸው።