ታክሱ ሲነሳ ማን ተጠቀመ? የኤሌክትሪክ መኪና ጥያቄና መልስ

የጉምሩክ አስተላላፊ ነኝ። የታክስ ማበረታቻው የኤሌክትሪክ መኪና ገበያን ምን እንዳደረገው ለጠየቃችሁኝ፣ የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ መንግሥት ለገዢ ብር አልሰጠም። ታዲያ ምኑ ነው ድጎማ?

መልስ፦ መቀበል ያለበትን መተውም ድጎማ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 ከኤሌክትሪክ መኪና ላይ ኤክሳይስ (እንደ መኪና ባሉ የተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ)፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመር ታክስ) አነሳ። ተገጣጥሞ ለሚገባ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረ፤ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው እሱም አልነበረም። ጉምሩክ 2 ሚሊዮን ብር የገመተው መኪና 300 ሺህ ብር ቀረጥ ከፈለ ማለት ነው። በቤንዚን መኪናው ላይ ግን ታክሱ ይደራረብ ነበር፤ ኤክሳይሱ ቀረጡን ጨምሮ ይሰላል፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ደግሞ ኤክሳይሱንም ጨምሮ። የሁለቱን መኪኖች ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ጎን ለጎን ሳስቀምጥለት ያልደነገጠ ደንበኛ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ቅናሹ ለገዢው ደረሰ ወይስ ነጋዴው በላው?

መልስ፦ ተካፈሉት። ዶላር ያገኘው አስመጪ ጥቂት በነበረበት ጊዜ ሰፊው ድርሻ የነጋዴው ነበር፤ የሚያስመጣው ሲበዛ ነው ገዢው መከራከር የጀመረው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ገበያውን የገፋው ማበረታቻው ይሁን ክልከላው፣ ለይቼ እነግራችኋለሁ ብል መዋሸት ይሆንብኛል።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን)፦ እዚህ ድጎማው ባንድ ጀምበር ቆመ። የኢትዮጵያውስ?

መልስ፦ የምፈራው እሱን ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ቅዳሜ አስታውቀው እሑድ ማታ ማመልከቻ መቀበል አቆሙ፤ በ2024 የአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ምዝገባ 27 በመቶ ገደማ ወረደ። ኖርዌይ ግን በ2023 ከ500 ሺህ ክሮነር በላይ ባለው ዋጋ ላይ ብቻ ተጨማሪ እሴት ታክስ መልሳ፣ በ2024 ከተሸጠው አዲስ መኪና 89 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ሆነላት። ነጋዴ ታክስን ይችላል፤ የማይችለው ድንገተኛ ደብዳቤን ነው።

ጥያቄ፦ የነዳጅ ድጎማ መነሳቱስ?

መልስ፦ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ ተነሳ። ቤንዚን እየተደጎመ ኤሌክትሪክን ማበረታታት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነበር።

ጥያቄ፦ መኪና የሌለን የታክሲ ተሰላፊዎችስ?

መልስ፦ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቅሙ ደጃችሁ አልደረሰም። በእኔ ቢሆን ማበረታቻው ከቤት መኪና በፊት ለአውቶቡስ ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ የባትሪውን ዋስትና በጽሑፍ ከሰጡህና ግቢህ ውስጥ ቻርጀር መትከል ከቻልክ ግዛ። የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆንክ ግን ከሻጩ በፊት ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ተነጋገር።